የቤት ግዢ ግብር በእስራኤል

የቤት ግዢ ግብር በእስራኤል አገር ቤት፣ መሬት ወይም ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚገዛ ሰው በግዢው ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ለመንግሥት የሚከፍለው ግብር ነው። በዕብራይስጥ «ማስ ረኺሻ» ይባላል። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የመሬት ግብር ሕግ ነው። ይኸው ሕግ ሻጩ ከትርፉ ላይ የሚከፍለውን «ማስ ሼቫሕ» የተባለውን ግብርም ይዟል። ሁለቱ በአንድ ሕግ ውስጥ ቢገኙም ከፋዮቻቸው ይለያያሉ፤ ማስ ረኺሻ የገዢው፣ ማስ ሼቫሕ የሻጩ ዕዳ ነው።

የግዢ ግብርን ለከተማው አስተዳደር ከሚከፈለው «አርኖና» ጋር ማምታታት አይገባም። አርኖና በየጊዜው የሚመጣ ክፍያ ሲሆን፣ ቤቱ በተከራየ ጊዜ የሚከፍለው እዚያ የሚኖረው ተከራይ ነው። የግዢ ግብር ግን ቁልፉ ከመረከቡም በፊት ሊጠየቅ የሚችል፣ አንዴ ከተከፈለ በኋላ የማይመለስበት ሂሳብ ነው።

ይህ ግብር ብዙ ጥያቄ የሚያስነሣው አንድ ሰው ሊኖርበት ሳይሆን ሊያከራየው ብሎ የመጀመሪያውን ቤት ሲገዛ ነው። በሰፊው እንደሚወራው «ለኪራይ የተገዛ ቤት 8 በመቶ ይከፈልበታል» ይባላል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ዋናው የግብር ተመን የሚወሰነው ቤቱ ለምን እንደተገዛ በመጠየቅ ሳይሆን፣ ገዢው ከዚያ በፊት ስንት ቤት እንዳለው በመቁጠር ነው። ሌላ ቤት የሌለው ሰው የገዛውን ቤት በማግሥቱ ቢያከራየው እንኳ ግብሩ እንደ ብቸኛ ቤት ይሰላለታል። ቀድሞ ቤት ያለው ሰው ደግሞ አዲሱን ቤት ራሱ ሊኖርበት፣ አሮጌውን ሊያከራይ ቢያስብም፣ ሕጉ የሚያየው ተጨማሪ ቤት መግዛቱን ነው። ስለዚህ «የመጀመሪያ የኪራይ ቤት» የሚለው አነጋገር ሁለት በጣም የተራራቁ ሂሳቦችን ይሸፍናል።

ስሌቱ

ግብሩ በእርከን ይሰላል። ለብቸኛ ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የወጡት እርከኖች የሚከተሉት ናቸው። እስከ 1,978,745 ሸቀል ያለው የዋጋ ክፍል ምንም ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ እስከ 2,347,040 ሸቀል ባለው ክፍል ላይ 3.5 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 6,055,070 ሸቀል 5 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 20,183,565 ሸቀል 8 በመቶ፣ ከዚህም በላይ ባለው ላይ 10 በመቶ ይከፈላል። እርከኖቹ ቀደም ሲል በየዓመቱ ጥር ወር ላይ ከዋጋ ለውጥ ጋር ይስተካከሉ ነበር። በኋላ ግን መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ለመሸፈን ካደረጋቸው ለውጦች ጋር እስከ 2027 ድረስ ባሉበት እንዲቆዩ ተደርጓል። የቤት ዋጋ እየጨመረ እርከኑ ሲቆም፣ ሕጉ ሳይለወጥ ግብሩ ቀስ በቀስ ይከብዳል ማለት ነው።

ለተጨማሪ ቤት ሂሳቡ አጭር ነው። ከመጀመሪያው ሸቀል ጀምሮ እስከ 6,055,070 ሸቀል 8 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 10 በመቶ ነው። ነፃ የሆነ የዋጋ ክፍል የለም። እንደ ሱቅና ቢሮ ባሉ፣ መኖሪያ ባልሆኑ ንብረቶች ላይ የሚከፈለው ደግሞ በአብዛኛው 6 በመቶ ነው።

ልዩነቱ በምሳሌ ሲታይ ይጎላል። አንድ ሰው በ1,200,000 ሸቀል አነስተኛ አፓርታማ ገዛ እንበል። ብቸኛ ቤቱ ከሆነ ግብሩ ዜሮ ነው፤ ሌላ ቤት ካለው ግን 96,000 ሸቀል ይከፍላል። ቤቱ በወር 4,000 ሸቀል ቢከራይ፣ ይህ ገንዘብ የሁለት ዓመት ሙሉ ኪራይ ነው፤ እሱም ጥገናው፣ የብድሩ ወለድና ተከራይ የሌለባቸው ወራት ሳይቆጠሩ ነው። ዋጋው 2,500,000 ሸቀል ከሆነ ደግሞ ብቸኛ ቤት ያለው ገዢ 20,538 ሸቀል ገደማ ሲከፍል፣ ተጨማሪ ቤት የሚገዛው 200,000 ሸቀል ይከፍላል።

ግብሩ የሚሰላው በውሉ ላይ በተጻፈው ዋጋ ነው። ቤቱ ከሥራ ተቋራጭ አዲስ የተገዛ እንደሆነ የተጨማሪ እሴት ታክሱም በዋጋው ውስጥ ይገባል። ዘመዳሞች እርስ በርሳቸው በቅናሽ ተሸጣሽጠው ከሆነ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የተጻፈውን ዋጋ ትቶ የገበያውን ዋጋ ሊወስድ ይችላል።

የባንክ ብድርን በሚመለከትም መለኪያው ተመሳሳይ ነው። የእስራኤል ባንክ መመሪያ ብቸኛ ቤት ለሚገዛ ሰው እስከ ዋጋው 75 በመቶ ብድር ሲፈቅድ፣ ለተጨማሪ ቤት ግን ከ50 በመቶ በላይ አይፈቅድም። የግዢ ግብሩ የቤቱ ዋጋ አካል ስላልሆነ ከገዢው ኪስ ይወጣል። ከላይ ያለውን የ1,200,000 ሸቀል ቤት እንደ ተጨማሪ የሚገዛ ሰው ለዋጋው ቢያንስ 600,000፣ ለግብሩ 96,000 ሸቀል በእጁ ሊኖረው ይገባል። የጠበቃና የደላላ ክፍያ ከዚህ ውጭ ነው። ብዙ ግዢዎች የሚሰናከሉት በወርሃዊው የብድር ክፍያ ሳይሆን በዚህ በመጀመሪያው ጥሬ ገንዘብ ነው።

«ብቸኛ ቤት» ማለት ምን ማለት ነው

ቆጠራው የሚካሄደው በቤተሰብ ነው። ባልና ሚስት ተለያይተው በቋሚነት ካልኖሩ በስተቀር፣ ከ18 ዓመት በታች ካሉ ያላገቡ ልጆቻቸው ጋር እንደ አንድ ገዢ ይታያሉ። ባል ከጋብቻ በፊት የገዛው ቤት ቢኖረው ሚስት በስሟ አንድም ቤት ባይኖራት እንኳ፣ በተለምዶ አብረው የሚገዙት ቤት ተጨማሪ ይሆናል።

የሚቆጠሩት ቤቶች በእስራኤልና በሕጉ «አካባቢው» በተባለው፣ ማለትም በዌስት ባንክ ያሉት ናቸው። ይህ ለብዙ ስደተኛ ቤተሰብ ጠቃሚ ነጥብ ነው። በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ያለ ቤት፣ በአሜሪካ ያለ አፓርታማም፣ በዚህ ሂሳብ ውስጥ አይገባም። ከመንግሥት የቤቶች ድርጅት ተከራይቶ የሚኖርበት ቤትም፣ ስንት ዓመት ቢቆይበት የተከራዩ ንብረት ስላልሆነ አይቆጠርም።

በሌላ ቤት ውስጥ ያለ ከአንድ ሦስተኛ የማይበልጥ ድርሻም የብቸኛ ቤትን መብት አያሳጣም። የዚህ ደንብ ጥቅም በውርስ ጊዜ ይታያል። ከኢትዮጵያ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች በ1990ዎቹ ከካራቫን ሠፈሮች ወጥተው የራሳቸውን ቤት የገዙት፣ መንግሥት ለእነርሱ ባዘጋጀው ልዩ የቤት ብድርና ድጎማ ነው፤ ነታንያ፣ ረሖቮት፣ ሐዴራ፣ ቂርያት ማላኺና አፉላ በዚህ ጊዜ ብዙዎች ከሠፈሩባቸው ከተሞች መካከል ናቸው። የእነዚያ ቤቶች ባለቤቶች ሲያልፉ ቤቱ ለልጆች ይተላለፋል። ስድስት ወንድማማችና እህትማማች አንድ ቤት በእኩል ቢወርሱ እያንዳንዱ የያዘው አንድ ስድስተኛ ነው። ከእነርሱ አንዱ ኋላ የራሱን ቤት ቢገዛ እንደ ብቸኛ ቤት ይሰላለታል። ውርሱ ራሱ ግዢ ስላልሆነ የግዢ ግብር የለበትም። ነገር ግን አንዱ ወንድም የሌሎቹን ድርሻ በገንዘብ ከገዛ፣ ያ ግዢ ነው፤ ድርሻውም ከአንድ ሦስተኛ በላይ ሊያልፍ ይችላል።

ሁለት ወንድማማቾች ወይም ጓደኛሞች ተጋርተው ሲገዙ እያንዳንዱ በራሱ ሁኔታ ይመዘናል። የ1,200,000 ሸቀሉን ቤት እኩል በእኩል ቢገዙ፣ ቤት የሌለው ተጋሪ ምንም አይከፍልም። ሌላ ቤት ያለው በ600,000 ሸቀል ድርሻው ላይ 8 በመቶ፣ ማለትም 48,000 ሸቀል ይከፍላል። ምንም ያልከፈለው ግን ግማሽ ቤት ስላለው፣ ነገ ብቻውን ቤት ሊገዛ ሲነሣ ቀድሞ ቤት እንዳለው ሰው ይታያል። በጋራ መግዛት ርካሽ መግቢያ ይመስላል፤ የሚያስከፍለው በሁለተኛው ግዢ ነው።

ራቅ ያለ ቤት ገዝቶ በኪራይ መኖር

በቴል አቪቭና በዙሪያዋ የቤት ዋጋ ከአቅም በላይ የሆነባቸው ወጣቶች የሚከተሉት አንድ የታወቀ መንገድ አለ። ሥራቸው ባለበት በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል ተከራይተው እየኖሩ፣ እንደ ቤር ሼቫ ወይም አፉላ ባሉ ዋጋቸው ዝቅ ባለ ከተሞች አፓርታማ ገዝተው ያከራያሉ። ከግዢ ግብር አንጻር ይህ ብልህ አካሄድ ነው። ቤቱ ብቸኛ ቤታቸው ስለሆነ፣ ዋጋው ከነፃው እርከን ካላለፈ ግብር የለበትም። ባንኩም እስከ 75 በመቶ ሊያበድራቸው ይችላል። ቢያንስ 18 ወር ይዘውት ብቸኛ ቤታቸው እንደሆነ ቢሸጡትም፣ በሕጉ ጣሪያና ሁኔታዎች መሠረት ከማስ ሼቫሕ ነፃ ሊሆኑ ይችላሉ። ተጨማሪ ቤት የሚሸጥ ግለሰብ ግን በአብዛኛው ከትርፉ 25 በመቶ ይከፍላል፤ በዚያ ስሌት ላይ ቀድሞ የከፈለው የግዢ ግብር እንደ ወጪ ይቀነስለታል።

አስቸጋሪው የሚመጣው እነዚሁ ባልና ሚስት ልጅ ወልደው የሚኖሩበትን ቤት ለመግዛት ሲፈልጉ ነው። ያን ጊዜ የሚገዙት ቤት፣ ቢኖሩበትም ባይኖሩበትም፣ ተጨማሪ ቤት ነው። የ8 በመቶውን ሂሳብ የሚያመልጡት አሮጌውን ቤት ሕጉ በወሰነው የጊዜ ገደብ ውስጥ ከሸጡት ነው። እንዲህ ሲሆን አዲሱ እንደ ምትክ ቤት ተቆጥሮ በብቸኛ ቤት እርከን ይሰላል። ገደቡ ባለፉት ዓመታት ደጋግሞ ስለተለዋወጠ፣ ውሉ በተፈረመበት ቀን የጸናውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አዲሱ ቤት ገና በግንባታ ላይ ያለ የሥራ ተቋራጭ ቤት ከሆነ የጊዜው አቆጣጠር የተለየ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው የኪራይ ቤት ያለ ግብር ተገዛ ማለት ግብሩ ቀረ ማለት አይደለም፤ ወይ ቤቱ ይሸጣል፣ ወይ ግብሩ በሁለተኛው ቤት ላይ ይመጣል።

የኪራዩ ገቢ ራሱ በሌላ ሕግ ነው የሚገዛው። አከራዩ ከሦስት መንገዶች አንዱን ይመርጣል፦ እስከ ተወሰነ ወርሃዊ ጣሪያ ነፃ መሆን (እ.ኤ.አ. በ2024 ጣሪያው 5,654 ሸቀል ነበር)፣ ወጪ ሳይቀነስ 10 በመቶ መክፈል፣ ወይም ወጪውን ቀንሶ በመደበኛው የገቢ ግብር መክፈል። ለአንድ አነስተኛ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚመቸው የመጀመሪያው ነው።

በልጅ ስም መግዛት

ቤት ያላቸው ወላጆች የኪራይ ቤት መግዛት ሲያስቡ፣ ከ18 ዓመት በላይ በሆነ፣ ቤት በሌለው ልጃቸው ስም መግዛት የተለመደ ነው። ልጁ ራሱን የቻለ ገዢ ስለሆነ ቤቱ ብቸኛ ቤቱ ይሆናል። ገንዘቡ በእርግጥ ስጦታ ከሆነ፣ ቤቱም በእርግጥ የልጁ ከሆነ ሕጉ ይህን አይከለክልም።

ችግሩ ስሙ የልጁ፣ ቤቱና ኪራዩ ግን የወላጅ ሲሆን ነው። ግብር ሰብሳቢው እውነተኛው ባለቤት ማን እንደሆነ ሊመረምር ይችላል፤ ኪራዩ በማን የባንክ ሂሳብ እንደሚገባ፣ ብድሩን ማን እንደሚከፍል ይጠይቃል። ወላጅ ሆኖ ከተገኘ ግብሩ በ8 በመቶ እንደገና ይሰላል። ሌላም ዋጋ አለው። በመንግሥት የቅናሽ ቤት ዕጣ ውስጥ ለመግባት ቤት አልባ መሆን ግዴታ ነው። በ19 ዓመቱ በስሙ ቤት የተገዛለት ልጅ፣ ሲያገባ ያንን ዕድል ሊያጣ ይችላል፤ ለሚስቱም ወይም ለባሏ ጭምር የሚተርፍ ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ልጁን ሳይጠይቁ መወሰን ከግብሩ የበለጠ ጠብ ያመጣል።

ወላጅ የራሱን ቤት ለልጁ በስጦታ ሲያስተላልፍ፣ ልጁ የሚከፍለው የግዢ ግብር በመደበኛው ስሌት ከሚወጣው አንድ ሦስተኛ ነው።

አዲስ መጪዎችና ውጭ አገር የሚኖሩ ገዢዎች

በዓሊያ የመጣ ሰው የተለየ ቅናሽ አለው። ከመምጣቱ አንድ ዓመት በፊት ጀምሮ ከመጣ በኋላ እስከ ሰባት ዓመት ድረስ ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ ሊጠቀምበት ይችላል። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 አጋማሽ ጀምሮ ቅናሹ ተሻሽሎ እስከ 1,978,745 ሸቀል ነፃ፣ ከዚያ እስከ 6,055,070 ሸቀል 0.5 በመቶ ሆኗል። ግን የዚህ ቅናሽ መለኪያ ከዋናው ደንብ ይለያል፤ እዚህ ላይ ሕጉ ቤቱ ለምን እንደተገዛ ይጠይቃል። ቅናሹ የሚሰጠው አዲስ መጪው ራሱ ለሚኖርበት ቤት ወይም ራሱ ለሚሠራበት የሥራ ቦታ ነው፤ ለሚከራይ ቤት አይደለም። ለአካል ጉዳተኞችና በጦርነት ለወደቁ ወታደሮች ቤተሰቦች የተደነገገው ቅናሽም እንዲሁ ለመኖሪያ የታሰበ ነው።

የብቸኛ ቤት እርከን የሚሠራው ለእስራኤል ነዋሪ ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ወይም በዋሽንግተን የሚኖር ሰው በእስራኤል አንድ ቤት ብቻ ቢገዛ፣ ሌላ ቤት ባይኖረውም ከመጀመሪያው ሸቀል 8 በመቶ ይከፍላል። ከገዛ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የአገሪቱ ነዋሪ ከሆነ ግን እንደ ነዋሪ ሊታይለት ይችላል።

የ8 በመቶው ታሪክ

ተጨማሪ ቤት ሁልጊዜ እንዲህ ውድ አልነበረም። ከ2008 ጀምሮ የቤት ዋጋ በፍጥነት ሲያሻቅብ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ መንግሥት የባለብዙ ቤቶችን ግብር ከፍ አድርጎ መነሻውን 5 በመቶ አደረገው። በዚያው ዓመት በጋ ወጣቶች በቴል አቪቭ ሮትሺልድ ጎዳና ድንኳን ተክለው በኑሮ ውድነት ላይ የተቃወሙበት ጊዜ ነበር። በሰኔ 2015 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሞሼ ካሕሎን መነሻውን ወደ 8 በመቶ አሳደጉት። ምክንያታቸው ባለሀብቶች ከገበያው ወጥተው መጀመሪያ ቤት ለሚገዙ ወጣት ቤተሰቦች ቦታ እንዲለቁ ነበር። ካሕሎን ከዚህ ተሻግረው ሦስትና ከዚያ በላይ ቤት ባላቸው ላይ ዓመታዊ ግብር ለመጣል ሕግ አሳለፉ። ይህን ግን ከፍተኛው ፍርድ ቤት በነሐሴ 2017 በክኔሴት የጸደቀበት መንገድ ጉድለት አለበት ብሎ ሻረው።

በሐምሌ 2020፣ በኮሮና ወረርሽኝ መካከል፣ ሚኒስትሩ እስራኤል ካትስ ገበያውን ለማነቃቃት መነሻውን ወደ 5 በመቶ መለሱት፤ ለኪራይ የሚገዙም ተመልሰው ገቡ። ቀጣዩ ሚኒስትር አቪግዶር ሊበርማን ከኅዳር 28 ቀን 2021 ጀምሮ 8 በመቶውን መልሰው አጸኑት፤ ከዚያ ቀን በፊት ብዙዎች ውል ለመፈረም ተሽቀዳድመዋል። ድንጋጌው የተጻፈው ጊዜያዊ ተብሎ ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ተራዝሟል።

ግብሩ የቤት ዋጋን አወረደ ወይ የሚለው ክርክር አሁንም አልረገበም። ደጋፊዎቹ የባለሀብቶችን ግዢ ይገታል ይላሉ፤ ይህንም የገበያው መለዋወጥ ይደግፈዋል። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ የኪራይ ቤት የሚያቀርበው እነዚሁ ግለሰቦች ስለሆኑ፣ ግዢያቸው ሲቀንስ ኪራይ ይወደዳል ይላሉ። በእስራኤል የኪራይ ቤቶች አብዛኞቹ የግለሰቦች እንጂ የትላልቅ ኩባንያዎች ስላልሆኑ፣ ይህ ስጋት እንዲሁ የሚጣል አይደለም።

አከፋፈል

ገዢው ውሉ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ ለእስራኤል የግብር ባለሥልጣን የመሬት ግብር ቢሮ ማሳወቅ፣ ግብሩንም በ60 ቀን ውስጥ መክፈል አለበት። የሚቆጠረው ከፊርማው ቀን ነው፤ ቤቱ ከተረከበበት ወይም በስም ከተመዘገበበት ቀን አይደለም። ከዋናው ውል በፊት የሚፈረም «ዚኽሮን ድቫሪም» የሚባል አጭር የስምምነት ወረቀትም እንደ ውል ሊቆጠርና ቀኑን ሊያስጀምር ይችላል፤ በደላላ ቢሮ ውስጥ በችኮላ የሚፈረመው ወረቀት በዚህ ምክንያት ቀላል አይደለም።

ማሳወቂያውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርበው ጠበቃው ነው። ገዢው ግብሩን ራሱ አስልቶ፣ ብቸኛ ቤት ነው ወይስ ተጨማሪ የሚለውንም ራሱ ፈርሞ ያሳውቃል። መሥሪያ ቤቱ ስሌቱን በኋላ ሊመረምር፣ ስህተት ካገኘም እስከ አራት ዓመት ድረስ ሊያስተካክል ይችላል። ማስተካከያው ለገዢውም ይሠራል፤ በስህተት እንደ ተጨማሪ ቤት የከፈለ ሰው በዚህ ጊዜ ውስጥ ልዩነቱ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ዘግይቶ በሚከፈል ግብር ላይ ወለድና የዋጋ ማስተካከያ ይጨመራል። የክፍያው ማረጋገጫ ወረቀት ካልቀረበ «ታቡ» የሚባለው የመሬት መዝገብ ቤት ንብረቱን በገዢው ስም አይመዘግብም።